ኤሊ፣ ባቡር፣ አይሮፕላንና የዕርቁ ድንጋይ

ተረት ልነግራችሁ ነው። ያልመጣ ይምጣ፣ የመጣም ጠጋ ይበል። እኔ «ተረት!» ስል እናንተ «ይድረሰን!» በሉኝ።

ተረት!

ምነው፣ አፋችሁን ምን ያዘው? እንደገና። ተረት!

እሺ፣ ይድረሳችሁ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳውም ቅጠሉም ብረቱም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ጊዜ፣ አንዲት ኤሊ ነበረች። እመት ኤሊ ይሏታል። ከዳገት ሥር፣ ከምንጭ አጠገብ ትኖራለች። ባሏ ሞቶ የቀረቻት አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ ስሟ ትርንጎ። ይህችን ትርንጎን ባሕር መሐል ባለች ደሴት ለሚኖር አንድ ኤሊ ዳረቻት። ጎረቤቶቿ «ኧረ ሩቅ ነው፣ ዓይንሽ ይራባል» ቢሏት፣ «ምን ቸገረኝ! ባቡር አለ፣ አይሮፕላን አለ። ስትናፍቀኝ ብድግ ብዬ እሄዳለሁ» አለች። መጀመሪያ ላይ ሁላችንም እንዲህ ነው የምንለው።

አንድ ቀን ሽመላ ከባሕር ማዶ እየበረረ መጣና ምንጩ ዳር አረፈ።

«እመት ኤሊ፣ ልጅሽ ታማለች» አላት።

«ምን ሆነችብኝ?»

«ምች መታት። እህል አይላትም፣ ውኃ አይላትም። እዚያ ደሴት ላይ ደግሞ አሸዋ እንጂ ዳማ ከሴ አይበቅልም። ‹እናቴ ከጓሯችን እርጥቡን ይዛልኝ ትምጣ፤ በእጇ አሽታ ጨምቃ ታጠጣኝ፤ ያኔ እድናለሁ› ብላለች።»

«አንተ አትወስድላትም፣ ሽመላዬ? ክንፍ ያለህ አንተ ነህ።»

«በምንቃሬ ይዤው ብበር ባሕሩን ሳልሻገር ነፋሱና ፀሐዩ ያደርቁታል። ደረቁ ደግሞ ምንም አይሠራ። በአይሮፕላን ሆድ ውስጥ፣ ጥላ ውስጥ ካልሄደ አይደርስም።»

እመት ኤሊ ብድግ አለች። ወዲያው ከጓሮዋ ዳማ ከሴ ቀጠፈች። በእርጥብ ኮባ ጠቀለለችው፤ በልጥ አድርጋ ጀርባዋ ላይ አሰረችው። ቅጠሉም ከኮባው ውስጥ ሆኖ ተናገረ።

«እመት ኤሊ፣ እኔ ደኅና ነኝ። ብቻ ቶሎ በይ!»

አሁን መንገዱን ልንገራችሁ፤ መንገዱን ካላወቃችሁ ተረቱ አይገባችሁም። ባቡሩና አይሮፕላኑ ጎረቤት ናቸው። የባቡሩ ሐዲድ አንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ሲደርስ ያልቃል። የአይሮፕላኑ ማረፊያ እዚያው ሆኖ ይታያል። በመሐል ግን ሜዳ አለ፤ ግራና ቀኙ እሾኽ፣ መሐሉ ከብት ረግጦ ያወጣት አንዲት ቀጭን መንገድ። ለናንተ ምንም አይደለችም፣ ለኤሊ ግን ከጧት እስከ ቀትር ታስኬዳለች። ሐዲዱ ለምን እስከ ማረፊያው አልደረሰም ብትሉኝ፣ ባቡር «እሱ ይምጣ» አለ፣ አይሮፕላንም «እሱ ይምጣ» አለ፣ ሜዳው እንዲሁ ሜዳ ሆኖ ቀረ።

እመት ኤሊ ባቡሩ ጋ ሄደች።

«ጋሽ ባቡር፣ ልጄ ታማብኛለች። አይሮፕላኑ ጋ ያድርሱኝ።»

ባቡርም ጭሱን ቡፍ አድርጎ፣ «እኔ ከሐዲዴ አልወርድም» አለ። «እስከ ዋርካው አደርስሻለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው የኔ አገር አይደለም።»

ይሁን ብላ ተሳፈረች። ዋርካው ሥር ወረደች። ያቺን ቀጭን መንገድ ይዛ ሄደች፣ ሄደች፣ ሄደች። ማረፊያው ጠርዝ ስትደርስ አይሮፕላኑ ሞተሩን አስነሥቶ ፊቱን እያዞረ ነው።

«ጌታው! ጥቂት ይጠብቁኝ! ባቡር ያመጣኝ መንገደኛ ነኝ!» ብላ ጮኸች።

አይሮፕላንም ቁልቁል አያትና፣ «ባቡር? ባቡር የሚባል አላውቅም» አለ። «እኔ ከሰማይ ሌላ ዘመድ የለኝም። ማንንም አልጠብቅም!» ብሎ ተነሣ። አቧራውን አልብሷት ሄደ።

እመት ኤሊ አቧራ ውስጥ ቆመች። ኮባው ደርቆ ተሰንጥቋል። ዳማ ከሴውም በደከመ ድምፅ፣ «እመት ኤሊ፣ ራሴን እያዞረኝ ነው፤ እኔ አልሆንሽም፣ ሌላ ቅጠፊ» አላት።

ምን ታድርግ? ብትቀመጥ ልጇ ናት። አይሮፕላኑ እስኪመለስ እዚያው ጠበቀችና መሬት ላይ ወድቃ ለመነችው።

«ጌታው፣ ስለ እናትዎ! በሚቀጥለው ስመጣ ጥቂት ቆም ይበሉልኝ።»

አይሮፕላን እናት ባይኖረውም ስለ እናት ሲለመን ደስ አለው። «እሺ፣ ቆም እላለሁ» አለ። «ግን ባቡሩ አስቀድሞ ሰላም ይበለኝ። ዋርካው ሥር ሲደርስ ጡሩምባውን ይንፋና ‹ጌታዬ፣ እንግዳ አምጥቻለሁ› ይበለኝ። ያኔ እጠብቃለሁ።»

«ይህማ ቀላል ነው!» አለች የዋሂቱ። ወደ ቤቷ ተመለሰች፣ አዲስ ቅጠል ቀጠፈች፣ አዲስ ኮባ ጠቀለለች፣ ባቡሩ ላይ ወጣች። መንገድ ላይም ነገሩን ለባቡሩ ነገረችው። ባትነግረው ይሻል ነበር፣ ግን ካልነገረችው እንዴት ጡሩምባ ይነፋል?

«ማን? እኔ?» አለ ባቡር። «እኔ ነኝ ቀድሜ ሰላም የምለው? እኔ በዚህ አገር ጭሴን ስለቅ እሱ የት ነበር? ልጅ ነው ለታላቁ የሚነሣ! ኧረ ንቀት! ኧረ ጉድ!»

«ጋሽ ባቡር፣ ልጄ...»

«ልጅሽን እግዜር ይማርልሽ። እኔ ግን ተሰድቤ አንድ ክንድ አልሄድም!»

አኮረፈ። ባቡር ሲያኮርፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሜዳ መሐል ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ቢጎትቱት አይሄድ፣ ቢለምኑት አይሰማ። ዋርካው ከሩቅ ይታያል፤ ከዋርካው ወዲያ አይሮፕላኑ ቆሞ ሲያብለጨልጭ ይታያል። እንደ ቃሉ ቆሟል፣ ጡሩምባ እየጠበቀ። እመት ኤሊ በመስኮት አንገቷን አስግጋ ታየዋለች። ባቡሩን «በሞቴ! በልጅዎ!» ትለዋለች። በመጨረሻ አይሮፕላኑ «አላልኩም? ያው ናቀኝ!» ብሎ ተነሣና ሰማዩ ውስጥ ጠፋ። ሁለተኛውም ዳማ ከሴ «አበቃልኝ» አለ።

ቤቷ ስትመለስ ሽመላ ምንጩ ዳር ቆሞ ይጠብቃታል።

«እመት ኤሊ፣ ትርንጎ ‹እናቴ የት ደረሰች?› ትላለች። ዓይኗን የምትገልጠው ይህን ለመጠየቅ ብቻ ነው።»

እመት ኤሊ እንባዋን ዋጠች። የት ደረሰች ይባላል? የትም አልደረሰች። «መንገድ ላይ ናት በላት» አለችው። «እናትሽ መንገድ ላይ ናት፣ መጣች በላት። አደራ፣ እንዲህ ብለህ ንገራት።»

ሽመላም አደራውን ይዞ በረረ።

ከዚያ ወዲያ እመት ኤሊ እንዲህ ስትል አሰበች፤ «እነዚህ ሁለቱ ካልታረቁ ልጄን አላያትም። ሽማግሌ ልላክ።» በአገሩ የተከበሩ ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ። አንዱ አያ በሬ ነው፤ ድምፁ ወፍራም፣ እርምጃው ዝግ ያለ። ሁለተኛው አባ ጉሬዛ ናቸው፤ ነጭ ካባቸውን ደርበው ዛፍ ላይ የሚቀመጡ፣ ሲናገሩ አገር ጸጥ የሚልላቸው። እመት ኤሊ ከእግራቸው ወደቀች።

«አስታርቁልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅም። ልጄ ልትሞትብኝ ነው።»

«ተነሺ እናታችን» አሉ አባ ጉሬዛ። «ይህማ የአገርም ነውር ነው። እናስታርቃቸዋለን። አንቺ ሄደሽ ቅጠልሽን አዘጋጂ።»

እሷ ደስ ብሏት ወደ ቤቷ ሄደች። ስለዚህ ዋርካው ሥር የሆነውን አላየችም። እኔ ግን እነግራችኋለሁ፤ ደሜ እየፈላም ቢሆን እነግራችኋለሁ።

ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ተቀመጡ፤ የአገሩም ሕዝብ ከበባቸው። ባቡር በሐዲዱ ጫፍ፣ አይሮፕላን በማረፊያው ጠርዝ ቆሙ። የአገሩን ወግ ታውቃላችሁ፤ የበደለ ድንጋይ ተሸክሞ ከተበደለው እግር ሥር ይወድቃል።

«ማነው ድንጋይ የሚሸከመው?» አለ አያ በሬ።

«እኔ በዕድሜ እበልጣለሁ፣ አልሸከምም» አለ ባቡር።

«እኔ በከፍታ እበልጣለሁ፣ አልሸከምም» አለ አይሮፕላን።

አባ ጉሬዛ ካባቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «እንግዲያው ሁለታችሁም ተሸከሙ። ክብራችሁ እኩል ይሆናል» አሉ። ሕዝቡ «እውነት ነው! እውነት ነው!» አለ።

ባቡር አንድ ድንጋይ አመጣ። አይሮፕላን ይህን አየና፣ «እሱ አንድ ካመጣ እኔ ሁለት!» አለ። ባቡርም፣ «እሱ ሁለት ካመጣ እኔ አንድ ፉርጎ ሙሉ!» አለ። «እሱ ፉርጎ ሙሉ ካመጣ እኔ ሆዴ ሙሉ!» አለ አይሮፕላን። ቀድሞ በንቀት ይበላለጡ የነበሩት፣ አሁን በትሕትና ይበላለጡ ጀመር። ሕዝቡም እያጨበጨበ ድንጋይ ያያል።

«የት ይራገፍ?» አለ አያ በሬ።

«በባቡሩ በኩል ቢራገፍ አይሮፕላኑ ተዋረደ ይባላል» አሉ አባ ጉሬዛ። «በአይሮፕላኑ በኩል ቢራገፍ ባቡሩ ተዋረደ ይባላል። መሐል ይራገፍ። ግን እሾኽ ላይ አይደለም፣ ለዕርቅ አይገባም። ንጹሕ ቦታ ላይ ይራገፍ።»

በመሐሉ ያለው ንጹሕ ቦታ ደግሞ ያቺ ቀጭን መንገድ ብቻ ናት። አዎ፣ ያቺው። ሕዝቡ ድንጋዩን እየተቀባበለ እሷ ላይ አራገፈው። ከእሾኽ እስከ እሾኽ ሞልቶ ተከመረ።

ከዚያም አባ ጉሬዛ ተነሡና ገዘቱ። «ከነዚህ ድንጋዮች አንዱን ያነሣ፣ አንዱን የገፋ፣ ዕርቁን አፈረሰ። ግዝት ነው!»

«አሜን!» አለ ሕዝቡ። እልልታው ቀለጠ። ባቡር ጡሩምባውን ነፋ፣ አይሮፕላን ክንፉን አወዛወዘ። «ከእንግዲህ በአንድ ቲኬት ከሐዲድ እስከ ሰማይ!» ተብሎ ታወጀ። ሁሉም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ገባ። ለመሆኑ የተሰበሰብነው በማን ምክንያት ነው ብሎ የጠየቀ አንድም አልነበረም። አንድም!

እመት ኤሊ እልልታውን ከምንጩ ዳር ሰማችና እሷም እልል አለች። ሦስተኛውን ዳማ ከሴ ቀጠፈች፣ ለምለሙን መርጣ። ባቡሩ ጋ ስትደርስ ባቡሩ ፊቱ በርቷል።

«ግቢ እመት ኤሊ፣ ግቢ! ታርቀናል እኮ! ወንድሜ አይሮፕላን ይጠብቅሻል። አንድ ቲኬት ብቻ!»

«ተመስገን!» አለች። ዳማ ከሴውም ከኮባው ውስጥ፣ «ደኅና ነኝ እመት ኤሊ፣ ዛሬስ እንደርሳለን» አላት። ባቡሩ እየዘፈነ በረረ። ዋርካው ሥር ከወትሮው ቀድሞ ደረሰ። ጡሩምባውን ነፍቶም፣ «ወንድሜ፣ እንግዳ አምጥቻለሁ!» አለ። አይሮፕላንም ከማዶ፣ «ወንድሜ፣ እንኳን ደኅና መጣህ! እጠብቃታለሁ!» አለ።

እመት ኤሊ ወረደች። መንገዷን ፈለገች። መንገዷ የለችም።

ድንጋይ ነው። ከዚህ እስከዚያ ድንጋይ። ኤሊ ደግሞ ድንጋይ መውጣት አትችልም፤ ይህን ሕፃን ያውቃል፣ ሽማግሌ ግን ረሳው።

«ጋሽ ባቡር፣ እባክዎ ይህን ድንጋይ ገፋ ያድርጉልኝ።»

«ግዝት ነው እመት ኤሊ። ደግሞም ከሐዲዴ አልወርድም።»

«ጌታው አይሮፕላን፣ እባክዎ ወደዚህ ጠጋ ይበሉልኝ።»

«ጎማዬ ከማረፊያዬ ውጭ አይረግጥም እመት ኤሊ። ድንጋዩን ደግሞ ለወንድሜ ክብር ነው ያመጣሁት፣ እንዴት እነካዋለሁ?»

አያ በሬ ዋርካው ሥር ተኝቶ ያመሰኳል። «አያ በሬ፣ እባክህ በጀርባህ አሻግረኝ።»

«ዛሬ እኮ ሽማግሌ ነኝ እመት ኤሊ» አለ በሬ እየከበደው። «ራሳችን የገዘትነውን ድንጋይ ረግጬ፣ እንደ አጋሰስ ተሸክሜ ብታይ አገር ምን ይለኛል?»

በእሾኹ በኩል ሞከረች፤ እሾኹ ኮባውን ያዘባት፣ ተመለሰች። ከዚያ ወደ ድንጋዩ ዞረች። አንዱን ወጣች። ሁለተኛውን ወጣች። ሦስተኛው ተንሸራተተና በጀርባዋ ገለበጣት። ዳማ ከሴው ከሥሯ ዋለ።

በጀርባዋ የወደቀች ኤሊ ብቻዋን አትነሣም። እግሮቿ አየር ላይ ይርመሰመሳሉ። የምታየው ሰማይን ብቻ ነው። «አለሁ! እዚህ ነኝ!» አለች፤ ድምፅዋ ግን ከድንጋዮቹ መሐል አልወጣም። የምትሰማው የሁለቱን ጨዋታ ነው።

«ወንድሜ፣ እንግዳችን ዘገየች» ይላል አይሮፕላን። «ግን ያንተ እንግዳ ናትና እጠብቃለሁ።»

«ኧረ ወንድሜ፣ በኔ ምክንያት እንዳትዘገይ! ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነው» ይላል ባቡር።

«ኧረ አይሆንም፣ ላንተ ብዬ እቆማለሁ።»

«በሞቴ ሂድ! ብትዘገይ እኔ ነኝ የማፍረው።»

«እንግዲህ በሞቴ ካልከኝ ምን እላለሁ። ቃልህን አከብራለሁ።»

«እዚህ ነኝ!» ብላ ጮኸች እመት ኤሊ። «እዚህ ከሥራችሁ ነኝ! አትሂዱ!» ግን ያን ጊዜ ባቡሩ ለወንድሙ ስንብት ጡሩምባውን ነፋ፤ አይሮፕላኑም ለወንድሙ ክብር ሞተሩን አጓራ። በላይዋ አለፈ። ሆዱን አየችው፤ ትርንጎ ጋ የሚደርሰውን ሆድ። ከዚያ ሰማዩ ባዶ ሆነ።

ባቡሩ ከሄደ በኋላ በሬው አፍሮ ይሁን አዝኖ መጣና በቀንዱ መልሶ አቀናት። ኮባውን ፈታችው። «ዳማ ከሴ?» አለችው። ቅጠሉ ዝም። «ዳማ ከሴ፣ ደኅና ነህ?» ቅጠሉ ዝም። ተጨፍልቋል፤ ጭማቂው ድንጋዩ ላይ ፈሷል።

እዚያው ሳለች ሽመላ መጣ። ሰላም አላላትም። ክንፉን አጥፎ ጎኗ ቆመና አንገቱን ደፋ። «እህል ቀምሰሻል ወይ?» ብቻ አላት።

እመት ኤሊ ገባት። መርዶ ነጋሪ እንጂ ሌላ ማን እንዲህ ይጠይቃል? ገና አልጮኸችም። ከዚያ፣ «ምን አለች?» አለችው። «በመጨረሻ ምን አለችልኝ?»

«እንደላክሽኝ ነገርኳት» አለ ሽመላ። «አመነችኝ። ‹ውኃ ጠጪ› ሲሏት፣ ‹ቆይ፣ እናቴ መንገድ ላይ ናት› ትላለች። ‹ተኚ› ሲሏት፣ ‹እንዴት እተኛለሁ፣ እናቴ እኮ መንገድ ላይ ናት› ትላለች። ይህን እያለች ነው ያለፈችው።»

ያኔ እመት ኤሊ ጮኸች። እንዲያ ያለ ጩኸት ከኤሊ ተሰምቶ አያውቅም።

በማግስቱ ባቡርና አይሮፕላን ለቅሶ ደረሱ፤ አንዱ በሐዲዱ ጫፍ፣ አንዱ በማረፊያው ጠርዝ ሆነው። «እግዜር ያጽናሽ» አሉ ባንድ ድምፅ። አሁን ሁሉን ነገር ባንድ ድምፅ ነው የሚሉት።

«እኔ እንደ ቃሌ እስከ ሐዲዴ ጫፍ አድርሼሻለሁ» አለ ባቡር።

«እኔም እንደ ቃሌ ጠብቄሻለሁ» አለ አይሮፕላን።

«እውነታችሁን ነው» አለች እመት ኤሊ። «ሁለታችሁም እውነታችሁን ነው። እናንተ ታረቃችሁ። እኔ ነኝ መሐል የቀረሁት።»

ወደ ቤቷ አልተመለሰችም። ለማን ብላ ትመለስ? ጓሮዋ ያለው ዳማ ከሴ አሁን ለማን ይቀጠፋል? እዚያው ድንጋዩ መሐል ተቀመጠች። ኤሊ ከድንጋይ ጋር ስትሆን የማትለየው ከዚያ ጀምሮ ነው። ሜዳ ላይ ስትሄዱ ከድንጋዮች መሐል አንዱ ቢንቀሳቀስ እሷ ናት። ከሩቅ የባቡር ጡሩምባ ወይም የአይሮፕላን ድምፅ ሲመጣ ራሷን ወደ ውስጥ ትሸጉጣለች። ፈርታ አይደለም። መስማት አትፈልግም።

እናንተም ስታድጉ፣ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ታረቁ፣ ተስማሙ፣ ተቃቀፉ ሲባል ብትሰሙ እልል ለማለት አትቸኩሉ። አስቀድማችሁ መሐላቸው ያለችውን ቀጭን መንገድ ሄዳችሁ እዩ፤ ክፍት ናት ወይስ ድንጋይ ተከምሮባታል?

ይድረሰን ብላችሁኝ ነበር። ይኸው፣ ተረቴ ደረሳችሁ። ኤሊ ግን አልደረሰችም።